የእስክርቢቶና የመብረቅ ዝምድና

በበጋ ወራት፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት ሌሊት፣ በጨለማ ቤት ውስጥ የሱፍ ሹራብ ወይም የናይለን ሸሚዝ አውልቃችሁ ታውቃላችሁ? ልብሱ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ ጥቃቅን ብልጭታ ይታያል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ሌላው ምንም ሳይመስለው ልብሱን ሰቅሎ ይተኛል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰማዩ ይጠቁራል። ነጎድጓዱ ያጓራል፤ መብረቅ ይወርዳል። ያን ጊዜ ምንም የማይመስለው ሰው የለም። መብረቅ ዝናብ ሊያሳልፍ ዛፍ ሥር የቆመውን እረኛ ከነከብቱ ይጥላል። ጎጆ ያቃጥላል። ትልቁን ዛፍ ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቃል።

ከሹራብ የሚወጣው ብልጭታና ከሰማይ የሚወርደው መብረቅ ዘመዳሞች ናቸው ብንላችሁ ታምናላችሁ? ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲያውም ከዝምድናም አልፎ ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነው። አንዱን በቤታችን ከመረመርነው የሌላውን ጠባይ እናውቃለን። ጠባዩን ካወቅን ደግሞ ራሳችንንና ልጆቻችንን ልናድን እንችላለን። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና ከሥሩ እንጀምር።

እስቲ እንሞክረው

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ እስክርቢቶ አታጡም። ፊደል የለያችሁበትን ያንኑ የፕላስቲክ እስክርቢቶ አንሡ። ደቃቅ የጤፍ ገለባ ወይም የተቀደደ ወረቀት ብጥስጣሽ በደረቅ ሰሌን ላይ በትኑ። እስክርቢቶውን ወደ ገለባው አስጠጉት። ምንም አይሆንም። ገለባው እንደተኛ ይቀራል።

አሁን እስክርቢቶውን በደረቅ ፀጉራችሁ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ፈጠን ፈጠን እያደረጋችሁ እሹት። ፀጉራችሁ ቅቤ ወይም ቅባት ካለው በደረቅ የሱፍ ልብስ እሹት። ሳትዘገዩ እንደገና ወደ ገለባው አስጠጉት። ገለባው ዘሎ ይጣበቅበታል! እስክርቢቶው ሙጫ አልተቀባም። ማግኔትም አይደለም። መታሸቱ ብቻ ነው አዲስ ጠባይ የሰጠው።

ሁለተኛ ሙከራ እንጨምር። ከቀጭን ላስቲክ ሁለት ረጃጅም ቅዳጆች ቁረጡ። ሁለቱን ጫፋቸውን አንድ ላይ ይዛችሁ በደረቁ የእጅ ጣቶቻችሁ መካከል ከላይ ወደ ታች ደጋግማችሁ ሳቧቸው። ከዚያ ልቀቋቸውና እዩ። ሁለቱ ቅዳጆች ተቀራርበው አይወርዱም። እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች አንዱ ከሌላው ይሸሻል።

ሙከራው በክረምት እምቢ ቢላችሁ አትደነቁ። እርጥብ አየር በዕቃው ላይ የተጠራቀመውን ነገር ቶሎ ይወስደዋል። ስለዚህ የሚሻለው በበጋ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን መሞከር ነው።

ይህን ነገር ሰዎች ካወቁት ቆይተዋል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የግሪክ ሰዎች ከጥንታዊ ዛፍ ፈስሶ እንደ ድንጋይ የደረቀ ሙጫ ነበራቸው። ይህ ቢጫ ሙጫ በጨርቅ ሲታሽ ገለባ እንደሚስብ ያውቁ ነበር። ሙጫውን በቋንቋቸው ኤሌክትሮን ይሉታል። ዛሬ ሁላችንም ኤሌክትሪክ የምንለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ስም የተገኘው ከገለባና ከሙጫ ነው እንጂ ከመብራት አምፖል አይደለም።

በእስክርቢቶው ላይ ምን ተጠራቀመ?

በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ ድንጋዩም፣ እህሉም፣ ውሃውም፣ የሰው ገላም፣ አቶም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። አቶም በዓይን አይታይም። በእያንዳንዱ አቶም ውስጥ ሁለት ዓይነት የኤሌክትሪክ ጠባይ አለ። ይህን ጠባይ ሊቃውንት የኤሌክትሪክ ሙል ይሉታል።

አንዱ የመደመር ሙል፣ ሌላው የመቀነስ ሙል ይባላል። በባትሪ ድንጋይ ጫፎች ላይ የምታዩዋቸው የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች እነዚህኑ ያመለክታሉ። የመደመሩ ሙል በአቶሙ እምብርት ላይ ረግቶ ይቀመጣል። የመቀነሱን ሙል የያዙት ግን ኤሌክትሮን የሚባሉ ቀላል ነገሮች ናቸው። እነሱ ከእምብርቱ ውጭ ስለሚገኙ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሊሻገሩ ይችላሉ።

እንደ ልማዱ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለቱ ሙሎች እኩል ናቸው። እኩል በመሆናቸውም አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋል። ዕቃው ምንም ጠባይ አያሳይም። እስክርቢቶውን በፀጉር ስናሽ ግን ከፀጉራችን ብዙ ኤሌክትሮኖች ወደ እስክርቢቶው ይሻገራሉ። በእስክርቢቶው ላይ የመቀነስ ሙል ይተርፋል። ከፀጉራችን ላይ ኤሌክትሮን ስለጎደለ በዚያ የመደመር ሙል ይበልጣል።

ልብ በሉ፤ መታሸቱ አዲስ ሙል አልፈጠረም። ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው ጎተራ እህል ብናዛውር የእህሉ ብዛት አይጨምርም። በአንዱ ይተርፋል፣ በሌላው ይጎድላል። የሙልም ነገር እንደዚሁ ነው።

ሙል ሁለት ሕግ አለው። የማይመሳሰሉ ሙሎች ይሳሳባሉ፤ የሚመሳሰሉ ሙሎች ይገፋፋሉ። ሁለቱ የላስቲክ ቅዳጆች የተሸሻሹት ሁለቱም አንድ ዓይነት ሙል ስላገኙ ነው። ገለባውስ ምንም ሳይታሽ ለምን ተሳበ? የእስክርቢቶው የመቀነስ ሙል በገለባው ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ጥቂት ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። በዚህ ጊዜ በቅርብ ባለው በገለባው ጎን የመደመር ሙል ይበረታል። ይህ ደግሞ ወደ እስክርቢቶው ይሳባል። ይህችን ነገር ያዙልን፤ መብረቅ ላይ ስንደርስ ትመለሳለች።

የኩሬ ውሃና የቦይ ውሃ

የመብራትና የወፍጮ ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ይሄዳል። በቦይ እንደሚወርድ የመስኖ ውሃ ነው። በእስክርቢቶው ላይ ያለው ግን በኩሬ እንደተጠራቀመ ውሃ በቦታው ይቆማል። ውሃው አንድ ነው፤ የሚለየው መቆሙና መሄዱ ነው።

ሙል በአንዳንድ ነገር ውስጥ እንደ ልቡ ይሄዳል። ብረት፣ እርጥብ መሬትና የሰው ገላ ያሳልፉታል። ደረቅ ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ መስታወትና ደረቅ አየር ግን ይከለክሉታል። ስለዚህ በፕላስቲክ ላይ የተጠራቀመ ሙል መሄጃ አጥቶ ይቆያል።

ኩሬው ከመጠን በላይ ሲሞላስ? ግድቡ ይጣሳል። ሙልም እጅግ ሲበዛ የሚከለክለውን አየር ጥሶ ያልፋል። ሹራብ ስታወልቁ ያያችሁት ብልጭታ፣ የሰማችሁትም መንጣጣት፣ ትንሽ ግድብ ሲጣስ ነው።

ደመናው እንዴት ይታሻል?

አሁን ወደ ሰማይ እንውጣ። የነጎድጓድ ደመና ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ የተቆለለ ነው። ከታች ሞቃት ቢሆንም ከላይ እጅግ ይበርዳል። በውስጡ ኃይለኛ ነፋስ ወደ ላይ ይነፍሳል። በዚያ ብርድ ውስጥ ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶችና ከበድ ያሉ ለስላሳ የበረዶ ጠጠሮች አሉ። ነፋሱ ትንንሾቹን ወደ ላይ ሲያነሣ፣ ከባዶቹ ወደ ታች ሲያዘነብሉ፣ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ሲጋጩ ሙል ይለዋወጣሉ። እስክርቢቶውና ፀጉሩ ያደረጉትን እነሱ በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ያደርጉታል።

በዚህ ምክንያት ቀላሎቹ ቅንጣቶች የመደመር ሙል ይዘው ወደ ደመናው አናት ይወጣሉ። ከባዶቹ የመቀነስ ሙል ይዘው ወደ ደመናው የታችኛው ክፍል ይሰበሰባሉ።

ያችን ነገር ያዙልን ብለን ነበር። ደመናው አሁን እንደታሸው እስክርቢቶ ነው። እኛና ምድራችን ደግሞ እንደ ገለባው ነን። የደመናው የመቀነስ ሙል በምድር ላይ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ይገፋቸዋል፤ በምድር ገጽ ላይ የመደመር ሙል ይበረታል። ደመናው ወደ ምድር፣ ምድርም ወደ ደመናው ይሳሳባሉ። በመካከላቸው ያለው አየር እንደ ግድብ ይከለክላቸዋል። በመጨረሻ ግድቡ ይጣሳል። መብረቅ ማለት ይህ ነው።

ኃይሉን እንመልከት። ቮልት የሚባለው ኤሌክትሪክን የሚገፋው ኃይል መለኪያ ነው። በአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ይህም ሰውን ለመግደል ይበቃል። የመብረቅ ግን በመቶ ሚሊዮኖች ቮልት ይቆጠራል። መብረቁ ያለፈበት አየር በቅጽበት ወደ 30,000 ዲግሪ ሙቀት ይደርሳል። ይህ ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ያህል ነው። በዚህ ጊዜ የጋለው አየር ድንገት ተነፍቶ ይፈነዳል። ነጎድጓድ የምንለው የዚህ አየር ጩኸት ነው። እንግዲህ የሚገድለው ነጎድጓዱ አይደለም፤ ከድምፁ ቀድሞ የሚወርደው መብረቅ ነው።

ይህን ያረጋገጠው ሰው

መብረቅና ብልጭታ አንድ መሆናቸውን ለማሳየት ከተነሡት ሰዎች አንዱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ፍራንክሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1706 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ12 ዓመቱ በወንድሙ ማተሚያ ቤት ሥራ ጀመረ። የቀረውን እውቀት ያገኘው በራሱ እያነበበ ነው። ሙሎቹን የመደመርና የመቀነስ ብሎ የሰየማቸውም እሱ ነው።

በ1752 ነጎድጓድ በሚያጓራበት ቀን ከሐር ጨርቅ የተሠራ በራሪ ዕቃ በገመድ አስሮ ወደ ሰማይ ለቀቀ። በገመዱ መጨረሻ የብረት ቁልፍ አሰረ። ዝናቡ ገመዱን ሲያረጥበው የደመናው ሙል በገመዱ ወርዶ ቁልፉ ላይ ደረሰ። ጣቱን ወደ ቁልፉ ሲያስጠጋ ብልጭታ ወጣ። ይህም እኛ ከሹራብ ላይ የምናየው ዓይነት ብልጭታ ነው።

ይህን ግን ማንም እንዳይሞክር አደራ እንላለን። ፍራንክሊን የተረፈው መብረቁ ራሱ ስላልመታው ነው። በተከታዩ ዓመት በ1753 በሩስያ አገር በፒተርስበርግ ከተማ ሪክማን የተባለ ሊቅ ተመሳሳይ ምርመራ ሲያደርግ መብረቅ ገድሎታል።

ፍራንክሊን እውቀቱን ለጥቅም አዋለው። ከቤት ጣሪያ በላይ የብረት ዘንግ እንዲተከል፣ ከዘንጉም ወፍራም ሽቦ ወርዶ እርጥብ መሬት ውስጥ እንዲቀበር መከረ። ዘንጉ መብረቁን አያባርረውም። ለመብረቁ ቦይ ይቀድለታል። መብረቁ ቤቱን ሳያፈርስ በሽቦው ወርዶ መሬት ይገባል። ዛሬም በብዙ ትላልቅ ሕንፃዎች ላይ ያለው መከላከያ ይኸው ነው። ሥራው ግን የባለሙያ ነው፤ በደንብ ያልተቀበረ ሽቦ አደጋ ያመጣል።

ዛፍ ሥር መጠለል ለምን ይገድላል?

መብረቅ ወደ ምድር ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ ቅርብ የሆነለትን ያገኛል። ቅርቡ ደግሞ ከፍ ያለው ነው። በሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዋርካ፣ የተራራ ጫፍ፣ በእርሻ መካከል የቆመ ሰው፣ ሁሉም ለመብረቁ ቅርብ ናቸው።

ዛፉ ሲመታ መብረቁ በግንዱ ይወርዳል። ከግንዱ አጠገብ ሰው ካለ፣ የሰው ገላ ከእንጨት ይልቅ ስለሚያሳልፈው፣ መብረቁ ከግንዱ ዘሎ ሰውየውን ይመታል። ከግንዱ ራቅ ያለውም ቢሆን አይድንም። መብረቁ መሬት ከገባ በኋላ በዙሪያው በመሬቱ ውስጥ ይሠራጫል። በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው እግር ይወጣል። በሬና ላም የሚበዙበት ለዚህ ነው። የፊትና የኋላ እግራቸው ስለሚራራቅ ብዙ ኤሌክትሪክ በደረታቸው፣ በልባቸው በኩል ያልፋል። አንድ መብረቅ ዛፍ ሥር የተሰበሰበ መንጋ በአንድ ጊዜ የሚጨርሰው በዚህ መንገድ ነው።

አንዳንድ ሰው መብረቅ የመታውን ቤተሰብ እርግማን አለበት ብሎ ይሸሸዋል። ይህ በሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ነው። መብረቅ ደግና ክፉ አይለይም። እረኛው የተመታው በበደሉ አይደለም። ዝናብ ሊያሳልፍ ብሎ ዛፍ ሥር ስለቆመ ነው። ዛፍ ሥር የቆመውም አደጋውን የነገረው ስለሌለ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መቁጠር እንልመድ። ብልጭታው በዓይናችን ወዲያው ይደርሳል። ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ብልጭታውን ስናይ ቀስ ብለን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን እንቁጠር። ሠላሳ ሳንደርስ ነጎድጓዱን ከሰማን መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ሊደርስብን ይችላል። ሥራ አቁመን እንጠለል። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማን በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንውጣ።

ሁለተኛ፣ መጠለያ እንምረጥ። ትልቅ፣ ዙሪያው በግድግዳ የተዘጋ ሕንፃ፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤት፣ ወይም መስኮቱ የተዘጋ አውቶቡስና መኪና ይሻላል። የሣር ጎጆ ዝናብ እንጂ መብረቅ አይከለክልም። ሌላ መጠለያ ከሌለ ግን ከምሰሶው እንራቅ፤ ወደ ምሰሶውም ወደ ግድግዳውም አንደገፍ። የጎጆው ጫፍ ሲመታ መብረቁ በምሰሶው ሊወርድ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሜዳ ላይ ከተያዝን ከኮረብታ አናት እንውረድ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ፣ ከሽቦ አጥርና ከወንዝ እንራቅ። በትከሻ ላይ ያለውን ዶማና አካፋ እናስቀምጥ። ብዙ ሰው ከሆንን ተራርቀን እንሂድ። መጠለያ ጨርሶ ከጠፋ እግርን ገጥሞ፣ ጎንበስ ብሎ ቁጢጥ ማለት ይሻላል። መሬት ላይ መተኛት ግን አይገባም። ይህ የመጨረሻ አማራጭ ነው እንጂ እርግጠኛ መዳኛ አይደለም።

አራተኛ፣ እረኞችን እናስተምር። ደመና ሲጠቁር ከብቱን ዛፍ ሥር እንዳይሰበስቡ እንንገራቸው። ከብት ቢጠፋ ይፈለጋል፤ ልጅ ግን አይተካም። «ከብቱን ትተህ ወደ ቤት ሩጥ» ብለን ልጆቻችንን አስቀድመን እንንገራቸው። ካልነገርናቸው ቁጣችንን ፈርተው ከከብቱ ጋር ይቆያሉ።

አምስተኛ፣ በቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለን ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሶኬት እንንቀል። በሶኬት ላይ ተሰክቶ ያለ ስልክ አናነጋግር።

ሰው ቢመታስ?

የተመታ ሰው ኤሌክትሪክ በገላው ላይ አይቀርም። መንካት አያስፈራም። «አትንኩት» ሲባል ጊዜ ካለፈ ሊድን የሚችል ሰው ሊሞት ይችላል። ጭቃ መቀባትም ሆነ መሬት ውስጥ መቅበር አይጠቅምም፤ ጊዜ ያባክናል።

አደጋው አሁንም ካለ በመጀመሪያ ወደ ተሻለ ቦታ እንውሰደው። ቀጥሎ ይተነፍስ እንደሆነ እንይ። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝተን፣ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርበን፣ የደረቱን መካከል በኃይልና በፍጥነት እንጫን። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል። ሲደክመን ሌላ ሰው ይተካን። ብዙ ሰው ከተመታ ከሚጮኸው ይልቅ ዝም ያለውን፣ የማይተነፍሰውን እናስቀድም። አንድ ሰው ደግሞ ሮጦ እርዳታ ይጥራ። የተረፈውም ሰው ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ጉዳቱ ከውስጥ ሊሆን ይችላልና።

መብረቅን ማስቀረት አንችልም። ጠባዩን ግን አሁን አውቀናል፤ እስክርቢቶና ገለባ አስተምረውናል። ይህን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ ላላነበበው ይንገር። ክረምት ሳይገባ፣ ልጆቹ ከብት ይዘው ሳይወጡ ይንገር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የታሸ እስክርቢቶ ገለባን ለምን ይስባል? ሙከራውን በቡድናችሁ አድርጉት።
2. ሁለቱ የላስቲክ ቅዳጆች ለምን ይሸሻሻሉ?
3. ብልጭታውን አይታችሁ ዘጠኝ ስትቆጥሩ ነጎድጓዱ ቢሰማ መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?
4. በአካባቢያችሁ እረኞች ዝናብ ሲመጣ የት ይጠለላሉ? የተሻለ መጠለያ በየት በኩል ይገኛል?
5. መብረቅ የመታውን ሰው ለመርዳት በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?